ይታየው አስናቀ እና ባዶዎቹ ገጾች

ይታየው አስናቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ወሬ የጀመረ ሰው አላውቅም። የመጀመሪያው ጥሪ ካለበት ለመመለስ ነው፤ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ላይ፣ በአንድ ትምህርት ቤት እሱ አይ ሲ ቲ፣ እኔ ታሪክ እናስተምር ነበር። አንድ ግቢ ውስጥም ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን አምስት ዓመት ኖረናል። በነዚያ ዓመታት «አንተ ሰውዬ!» እያልኩ በእሱ ላይ የጮህኩትን ያህል በተማሪዎቼ ላይ ብጮህ ኖሮ ከሥራ ያባርሩኝ ነበር። ተማሪዎቹ በበኩላቸው «መምህር ደመና» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሰምቷል፤ አልተቀየመም። «ደመና ምን አጠፋ?» አለኝና በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ የዕረፍት ሰዓታችን አለቀ።

የስማዳ ሰኔ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው ከልክ በላይ ይመቸዋል። ጠዋት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል፤ መጀመሪያ እርሻው ይጠፋል፣ ከዚያ አጥሩ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ቆርቆሮ። ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ የበሬ፣ የሰው ሳል፣ የደወል። እኔ የእስቴ መካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ፤ ጭጋግ አዲሴ አይደለም፤ ጫማዬን ስለሚያበላሽብኝ ግን ያናድደኛል። ይታየው መሀሉ ቆሞ ዓይኑን ይጨፍናል። «ምን ትሰማለህ?» ስለው «ምንም» ይላል፤ ሲል ደግሞ ደስ ብሎት ነው።

አባቱ ቄስ አስናቀ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ብራና አድርገው፣ በመቃ ብዕር መጽሐፍ ይገለብጡ ነበር። ልጃቸውን ግን ለብዕር አልሰጡትም፤ ድምፁ ደግ ነው ብለው ከወገዳ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ዜማ ለሚያስተምሩት ለየኔታ ቀለመወርቅ ሰጡት። ይታየው እዚያ ከዜማ መጻሕፍቱ ጾመ ድጓን ጨርሶ ትልቁን፣ ድጓን፣ ጀመረ። ከዚያ ዘመናዊው ትምህርት ሳበውና ድጓውን ከመሀል ትቶ ሄደ። አስኳላው ቀናው፤ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ኮምፒዩተር አጠና። እሱ ይህን ሲያወራ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ የኔታ ጋ ሲደርስ ብቻ ድምፁ ዝቅ ይላል።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ትንሽ መቅረጫ ይዞ ወደ የኔታ ተመለሰ። የኔታ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። «ቃል ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚሄደው፤ ከአፍ ወደ ቆርቆሮ ሲሄድ የት አየህ?» አሉት። እሱ ደጅ ጠና። ሳምንት ሙሉ ውሃ ቀዳላቸው፣ እንጨት ፈለጠላቸው። በመጨረሻ «እንግዲያውስ ትማርበታለህ? ወይስ ታስቀምጠዋለህ?» ሲሉት «እማርበታለሁ፤ ጨርሼም እመጣለሁ» ብሎ ማለ። ሥልሳ አንድ ትምህርት፣ አርባ ሰዓት ያህል ቀዳ። ሁሉንም ከመቅረጫው ወደ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አዛወረው፤ ኮምፒዩተሩም ሥራ ሲይዝ አብሮት ወገዳ መጣ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ አልሰማውም። ሌላ ቦታም አልገለበጠውም። ነገ እሰማዋለሁ፣ ነገ እገለብጠዋለሁ ይላል። ነገ የምትባለውን ቀን እንደ ይታየው ያመናት ሰው አላየሁም።

በ2005 ዓ.ም. ጥር የኔታን በሽታ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ዛለ፤ አንደበታቸው ታሰረ። ጆሮና ልቦናቸው ደህና ነው፤ ድምፅ ግን የለም። ደቀ መዛሙርቱ ትንሽ ጠበቁና አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ተበተኑ። በግንቦት ደግሞ፣ መከራ ተጠራርቶ ነውና የሚመጣው፣ አንድ ቀን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የይታየውን አሮጌ ኮምፒዩተር መታው። ከሆዱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መስማት ጀመርን።

ሳምንት ሳይሞላ የየኔታ ልጅ፣ አመተ ማርያም፣ የገበያ ቀን ወደ ግቢያችን መጣች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ አባቷን የምታስታምም ሴት ናት። አህያዋን አጥሩ ላይ አስራ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ይታየው፣ የአባቴ ድምፅ አንተ ዘንድ አለ አይደል?»

«አለ፣ እትዬ» አላት።

«ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። እህልም በግድ ነው። ትላንት በግራ እጃቸው ጆሯቸውን እየነኩ አለቀሱ። ምን ፈለጉ፣ ምን ፈለጉ ስል ድምፃቸውን ነው። ገባኝ። ድምፃቸውን ነው የናፈቁት። አንድ ቀን እንኳ ቢሰሙት ምናለበት? ከዚያ ወዲያ እግዜር ያለው ይሁን።»

«አመጣላቸዋለሁ» አላት።

ከሄደች በኋላ አፈጠጥኩበት። «አለ? ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው?» አልኩት። ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ተከትዬው ገባሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ትቶ መሄድ አልችልበትም። አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ። «መቅደስ፣ ይኸ ነገር ከጠፋ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለኝ። የዚያን ቀን መቆጣቱን ተውኩት።

ነገሩን አስረዳኝ፤ እኔ ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው ፈተና መተየብ ስለሆነ እንደ ሕፃን ነው ያስረዳኝ። ዲስኩ ሰማንያ ጊጋ ይይዛል። የየኔታ ድምፅ ከዚያ ውስጥ ስድስት ያህሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ባዶ ነው። ችግሩ የዲስኩ ማውጫ መጥፋቱ ነው። ድምፁ የት እንደ ተቀመጠ የሚነግረው የለም፤ ስለዚህ ዲስኩን እንደ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሁሉንም አንብቦ ማውጣት አለበት። አዲስ ዲስክ ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ አስመጥቷል። ግን ያ አሮጌ ኮምፒዩተር ወደ ውጭ ዲስክ የሚያሳልፍበት መንገድ ቀርፋፋ ነው፤ ሰማንያውን ለማሳለፍ ሃያ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። የወገዳ መብራት ደግሞ በዚያ ሰሞን ደህና ቀን ቢሆን አራት ሰዓት ይቆያል። ጄኔሬተር የለንም። በስልክ ያማከረው የደብረ ታቦር ጠጋኝ «እንዲህ ያለ ዲስክ አንዴ ወይም ሁለቴ ይነሣልህ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ተስፋ አታድርግ» ብሎታል።

«ስለዚህ በአራት ሰዓት ሃያ ሁለት ሰዓት መሥራት አለብህ» አልኩት።

«አዎ።»

«አይ እንግዲህ! ከሰማንያው ሰባ አራቱ ባዶ ነው ካልክ ባዶውን ለምን ታጓጉዛለህ? ባዶ ጆንያ በሰባ አራት አህያ ጭነህ ገበያ ትሄዳለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ አንድ ጥሪ ብቻ በቃው።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በሕልም ዓለም ነበር፤ የሚገርመው ግን ሥራ የሚሠራበት ሕልም ነው። ከክፍል ሲወጣ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ምሳ ላይ እንጀራውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ጣት ጠረጴዛው ላይ መስመር ይስላል። አንድ ቀን የስዕሉን ትርጉም ነገረኝ። ኮምፒዩተር ውስጥ ሁሉን የሚያስተዳድር ከርነል የሚባል አለ። ዲስኩን የሚያነብ አንድ ፕሮግራም፣ አዲሱ ላይ የሚጽፍ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ሁለቱ አይተያዩም። ከርነሉ በመካከላቸው ቧንቧ ይዘረጋላቸዋል። አንባቢው በዚህኛው ጫፍ ገጽ ያስገባል፣ ጸሐፊው በዚያኛው ጫፍ ይቀበላል። ባዶ ገጽም ቢሆን በዜሮ የተሞላ ገጽ ነው፤ ዜሮው ሁሉ እየተቆጠረ ይገባል፣ እየተቆጠረ ይወጣል፣ እየተቆጠረ ይጻፋል።

«አየሽ፣» አለኝ፣ ድምፁን ምሥጢር እንደሚያወጣ ሰው ዝቅ አድርጎ፣ «ከርነሉ ዘንድ አንድ ንጹሕ ባዶ ገጽ አለ። ባዶ ገጽ ስጠኝ ላለው ሁሉ ያንኑ ያሳየዋል። ሺህ ፕሮግራም ሺህ ባዶ ገጽ አለኝ ብሎ ያስባል፤ ያለው ግን አንድ ነው። ማንም ካልጻፈበት ለሁሉም ይበቃል።»

«እና?»

«እና እኔም ባዶ ባገኘሁ ቁጥር ገጹን አልሸከመውም። በቧንቧው የማሳልፈው ያ አንዱ ገጽ ያለበትን አድራሻ ነው። ጸሐፊው አድራሻውን ሲያይ ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ አይጽፍም።»

ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ግማሹ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲያ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ክፍል ግድግዳ ላይ «ባዶው ገጽ ላይ ማንም እንዳይጽፍ» የሚል ወረቀት ለጥፎ አየሁ፤ የክፍል ጽዳት የምትሠራው ሴት ለእሷ መስሏት ተቀይማው ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው በሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። ለግማሽ ሰዓት ብቻ ሞክሮ ሊያጠፋው ነበር ያሰበው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ብሎ ተነሣ። ፕሮግራሙ ሮጠ። ከመጡት ገጾች ውስጥ አንድ የትምህርት ቅጂ ተገኘ። እንዲህ በፍጥነት ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ማዳመጫውን አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሱ አደረገና ከፈተው። የየኔታ ድምፅ መጣ። እኔ እኚህን ሰው ጤነኛ ሳሉ አላየኋቸውም፤ ድምፃቸው ግን ከሩቅ ተራራ ጀርባ እንደሚመጣ ዝናብ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ኋላ ሁሉን የሚሞላ ነበር። ቀጥሎ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንዱ መስመር ሳያልቅ ሌላው ይገባበታል። ድምፃቸውን ያነሣሉ፣ ይረግጣሉ፣ ወዲያው ደግሞ ያነሣሉ። ትንፋሽ የለ፣ ፋታ የለ። ሽማግሌው ሰው እያሳደዳቸው የሚዘምሩ ይመስላሉ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚያስተምሩት?» አልኩት።

ይታየው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «አይደለም። በመስመሩና በመስመሩ መካከል ባዶ ነበረ። እኔ ነኝ የጣልኩት።»

ጥፋቱ የጸሐፊ ልጅ ጥፋት ነው፤ ሌላ ሰው አይሠራውም። ቄስ አስናቀ መጽሐፍ ሲገለብጡ በምንጩ መጽሐፍ ውስጥ ባዶ ቅጠል ቢያገኙ አልፈውት ወደሚቀጥለው ፊደል ነበር የሚሄዱት። አንድ ቅጠል ብራና ስንት ቀን እንደሚለፋበት የሚያውቅ ሰው ባዶ አይገለብጥም። ይታየው ያደገው ይህን እያየ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ሲጽፍ ባዶው ገጽ ሲመጣ ጸሐፊው ዝም ብሎ የሚቀጥለውን ድምፅ ካለፈው ድምፅ ጎን እንዲያስቀምጠው አድርጎታል። ለመጽሐፍ ትክክል ነው። ለድምፅ ግን ሞት ነው።

«አባቴ ፊደል ነው የገለበጡት» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። «ዜማ ላይ ዝምታውም ይለካል። ባዶውን መሸከም የለብኝም፤ ቦታውን ግን ልወስድበት አይገባም።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኩት። ክፉ ሰው ሆኜ ሳይሆን ፈርቼ ነው። ከሁለቱ መነሣት አንዱን አባክነነዋል።

ሦስት ሳምንት ፕሮግራሙን እንደገና ጻፈ። አሁን ባዶው ሲመጣ ጸሐፊው ምንም ሳይጽፍ፣ የባዶውን ርዝመት ያህል ወደ ፊት ይራመዳል፤ አዲሱ ዲስክ አስቀድሞ ባዶ ስለሆነ የተዘለለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ሌሎች ዲስኮች ላይ አሥር ጊዜ ሞከረው። በዚያ መሀል አመተ ማርያም ሁለት ጊዜ መጣች። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ምንም አልጠየቀችም፤ አንድ ቁና ሽምብራ አስቀምጣልን ሄደች። ይታየው ሽምብራውን ሊነካው አልቻለም። እኔ ቆላሁት፤ አልበላም።

የሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ፈተና አልቆ የትምህርት ቤቱ ግቢ ባዶ ሲሆን፣ አሮጌውን ኮምፒዩተር ያኖረበትን የኮምፒዩተር ክፍል ከፍተን ገባን። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። መብራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ይታየው ቁልፉን ተጫነ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። አጠፋው። እንደገና ተጫነ። ቀጭ፣ ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ግንባሩን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ። ዲስኩ ሲነሣ እንደ ንብ እምም የሚል ድምፅ አሰማ።

ማያው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከሰማንያው ስንት እንደ ተነበበ የሚያሳይ። ቁጥሩ አንዳንዴ ይሮጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ተረግጦ ይቆማል። እኔ በቆመ ቁጥር እደነግጣለሁ። ይታየው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ የዲስኩን ድምፅ ያዳምጥ ነበር፤ ልክ ጭጋጉ ውስጥ እንደሚቆመው።

«ሲቆም ጥሩ ነው» አለኝ። «ሲቆም ድምፅ እየተጻፈ ነው። አሁን እየዘመሩ ነው።»

ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሮጠ።

«አሁን ዝም አሉ።»

እንዲህ ተቀምጠን ሦስት ሰዓት ቆየን። ቁጥሩ ሲዘገይ የኔታ ይዘምራሉ፤ ሲፈጥን ዝም ይላሉ። የማይሰማ ዜማ ነው፤ ግን ከጊዜ በኋላ እኔም ሳላውቀው በቁጥሩ አካሄድ መወዛወዝ ጀምሬ ነበር። ጭጋጉ ገብቶ ክፍሉን የሞላው፣ እኛም ወንበሮቹም ከወገዳ ተነቅለን የሆነ ቦታ የምንንሳፈፍ መሰለኝ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ከይታየው ተጋብቶብኝ ነው።

ሰባ አንድ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

የዲስኩ እምምታ ቀስ እያለ ወርዶ ቆመ። ማታ መብራት ሲመለስ ሞከረው፤ በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም ሞከረው። ያ ዲስክ ዳግመኛ አልተነሣም። የቀሩት ዘጠኙ ውስጥ ድምፅ ነበረ ወይስ ባዶ፣ የሚያውቅ አልነበረም። እስኪታወቅ ድረስ ይታየው እንደ ሐዘንተኛ ጢሙን ሳይላጭ ሰነበተ። በአዲሱ ዲስክ ላይ የተረፈውን ገጽ በገጽ እየፈተሸ ትምህርቶቹን አንድ በአንድ ለቀመ። ማውጫ ስለሌለ እያንዳንዱ የሚጀምርበትን ቦታ ራሱ መፈለግ ነበረበት። ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ጠዋት የክፍሌን በር በሁለት እጁ መታው። «ሥልሳ አንድ!» አለ። «ሥልሳ አንዱም አለ፣ መቅደስ!» አቀፈኝ። ይህ ሰው ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ እጁን መልሶ መውሰድ የሚረሳ ሰው ነው፤ ሲያቅፍ ደግሞ መልቀቅ ረሳ። እኔም አላስታወስኩትም።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ በእኔ ፊርማ አውጥተን፣ በላስቲክ ጠቅልለን፣ በጭቃው ሁለት ሰዓት ተጉዘን የኔታ ቤት ደረስን። አመተ ማርያም መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችልን። የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው ነበር።

«አባቴ፣ ይታየው መጥቷል። የአንቱን ድምፅ ይዞ ነው የመጣው» አለቻቸው።

አልዞሩም። ይታየው ጉልበታቸውን ስሞ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ትምህርት ከፈተው።

ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። አመተ ማርያም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። የኔታ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ፣ ቀጥሎ ልጃቸው ላይ፣ ቀጥሎ ይታየው ላይ አረፈ። ከላፕቶፑ የሚመጣው ድምፅ አንድ መስመር ዘምሮ ጨረሰ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ረጅም ነበር፤ የተዘመረውን መስመር ያህል። እኔ ላፕቶፑ ባትሪ የጨረሰ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሁለተኛው መስመር መጣ፤ እንደገና ያው ዝምታ።

የኔታ ከላፕቶፑ ዓይናቸውን ነቅለው ይታየውን ብቻ ነበር የሚያዩት። በግራ እጃቸው አጠገባቸው የተደገፈውን መቋሚያ ፈለጉ፣ አገኙት፣ መሬቱን አንድ ጊዜ መቱ።

«ምንድን ነው ይኼ ዝምታ?» አልኩት በሹክሹክታ።

ይታየው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ» አለ። «የኔታ ይመሩኛል፣ እኔ እቀበላለሁ። እንደዚያ ነበር የተቀዳው። ወደ ኮምፒዩተሩ ሳዛውረው ግን የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ድጓውን ትቼ የሄድኩ ሰው ድምፅ ነው። አፈርኩ። ከእሳቸው ድምፅ አጠገብ መቀመጥ አልነበረበትም። የእኔን ድምፅ እየመረጥኩ ሁሉንም በዜሮ ሞላሁት።»

ሦስተኛው መስመር አለቀ። ዝምታው ገባ። የኔታ መቋሚያውን አነሡና አየር ላይ ያዙት። አላወረዱትም።

ይታየው አፉን ከፈተ። ድምፁ ተሰበረ፤ ከየት እንደሚጀምር እንኳ ጠፍቶት ነበር። ግማሹን አውጥቶ፣ ግማሹን ስቶ፣ ዝምታው ሳያልቅበት የመስመሩ መጨረሻ ላይ ደረሰ። እንባው ጢሙ ውስጥ ይወርድ ነበር።

የኔታ መሬቱን ሦስት ጊዜ መቱ።

«ድገም እያሉህ ነው» አለች አመተ ማርያም፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ተማሪዎች ሲሳሳቱ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አላት።

ወደ ኋላ መለሰውና ከመጀመሪያው ከፈተው። ሳተ፤ መሬቱ ሦስት ጊዜ ተመታ። መለሰው፤ ሳተ፤ ተመታ። ባትሪው አልቆ ላፕቶፑ እስኪጠፋ ድረስ ሦስተኛውን መስመር አላለፍነውም፤ የኔታም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አልመለሱም።